ለዓመታት የተወሰደ የቃር መድኃኒትና የቫይታሚን እጥረት

ጥያቄ፦ «54 ዓመቴ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ቃር ሲያስቸግረኝ ኢንዶስኮፒ (በጉሮሮ የሚገባ የጨጓራ ካሜራ) ተነሥቼ ‹ቀላል መቆጣት ነው› ተባልኩ። ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ለሁለት ወር ታዘዘልኝ። ሳቆመው ቃሩ እየባሰ ስለሚመለስ ከዚያ ወዲህ ራሴ ከፋርማሲ እየገዛሁ ቀጠልኩ። ስኳር ስላለብኝ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። አጽዋማትን በሙሉ እጾማለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ድካም በዝቶብኛል፤ እግሬ ይደነዝዛል፤ ሌሊት ባቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል። ደም ማነስ አለሽ ተብዬ አይረን ጀምሬ ነበር፤ ብዙም ለውጥ አላየሁም። ጎረቤቴ ደግሞ ‹ይሄ መድኃኒት ቫይታሚንሽን ሁሉ አጥቦ ነው የሚያወጣው፤ ዛሬውኑ ጣይው› አለችኝ። ላቁመው? የትኛውን ቫይታሚን ልግዛ?»

ምላሽ፦ ዛሬውኑ አይጣሉት። ቫይታሚንም ገና አይግዙ። መጀመሪያ ደምዎ ይመርመር፤ ከምርመራዎቹ ደግሞ የቢ12 መጠን ይቅደም። እርስዎ ላይ ቢ12 የሚያወርዱ ሦስት ነገሮች ተደራርበዋል። ጎረቤትዎ የጠሩት አንዱን ብቻ ነው።

«አጥቦ ያወጣል» የሚለው ትክክል አይደለም። ኦሜፕራዞልም ሆነ እነ ኢሶሜፕራዞልና ፓንቶፕራዞል ከሰውነት የሚያስወጡት ቫይታሚን የለም። ሥራቸው ጨጓራ ውስጥ አሲድ የሚያመነጨውን ፓምፕ መዝጋት ነው። አሲዱ ሲቀንስ፣ ከምግብ ተላቀው ወደ ደም ለመግባት አሲድ የሚፈልጉ ጥቂት ንጥረ ነገሮች ይቸገራሉ። «ሁሉ» የሚለውም የተጋነነ ነው። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ከስብ ጋር ነው የሚገቡት፤ የጨጓራ አሲድ አያስፈልጋቸውም። በዚህ መድኃኒት ምክንያት ስማቸው የሚነሣው በዋናነት አራት ናቸው፦ ቢ12፣ አይረን፣ ማግኒዥየም እና ካልሲየም። የአራቱም ክብደት ግን እኩል አይደለም።

ከቢ12 ልጀምር። ይህ ቫይታሚን በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በወተትና በዓሣ ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይገኛል። የሚያላቅቀው የጨጓራ አሲድና አሲዱ የሚያነቃው ፔፕሲን የተባለ ኢንዛይም ነው። ከተላቀቀ በኋላ ጨጓራ ከሚያመነጨው ሌላ ፕሮቲን ጋር ተያይዞ ይሄድና በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ወደ ደም ይገባል። አሲዱ ሲዳከም ገና የመጀመሪያው ደረጃ ይሰናከላል። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስላለው ግን ችግሩ ወዲያው አይታይም። መድኃኒቱን ለሁለት ወር የወሰደ ሰው በዚህ የሚሰጋበት ምክንያት የለውም። ስድስት ዓመት ሌላ ጉዳይ ነው።

በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከሰሜን ካሊፎርኒያ የወጣ ትልቅ ጥናት እነዚህን መድኃኒቶች ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የወሰዱ ሰዎች ላይ የቢ12 እጥረት የመገኘቱ ዕድል ካልወሰዱት በ65 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። በቀን ከአንድ ተኩል ክኒን በላይ በሚወስዱት ላይ ደግሞ ግንኙነቱ ይበልጥ ጠንካራ ነበር። እርስዎ በቀን ሁለት ነው የሚወስዱት። ይህን ቁጥር ግን በትክክል እንረዳው። ከ100 ሰው 65ቱ እጥረት ያዘው ማለት አይደለም። ቀድሞ የነበረው ዕድል ያን ያህል ጨመረ ማለት ነው። አብዛኛው ተጠቃሚ እጥረት ሳይገጥመው ይኖራል።

እርስዎን ከአብዛኛው ተጠቃሚ የሚለይዎ ሜትፎርሚኑና ጾሙ ነው። ሜትፎርሚን በራሱ መንገድ፣ አንጀት ላይ፣ የቢ12ን መግባት ይቀንሳል። የአሜሪካ የስኳር ሕክምና ማኅበርም ሜትፎርሚን የሚወስዱ ሰዎች፣ በተለይ ደም ማነስ ወይም የእግር መደንዘዝ ካላቸው፣ ቢ12 በየጊዜው እንዲለካላቸው ይመክራል። ጾሙን በተመለከተ፣ የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾም፣ የነቢያትን፣ የሐዋርያትን፣ ፍልሰታን፣ ረቡዕና ዓርብን ሁሉ የሚጾም ሰው የዓመቱን ግማሽ ያህል ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ርቆ ያሳልፋል። ሽሮውም ምስሩም ጎመኑም ጥሩ ምግብ ነው፤ ቢ12 ግን የላቸውም። «እንጀራ ስለሚቦካ ቢ12 አለው» የሚባል ነገር እሰማለሁ። አይመኑበት። እርሾው አስተማማኝ የቢ12 ምንጭ አይደለም። ስለዚህ ከምግብ የሚገባው ጥቂት ነው፤ ከገባውም ላይ አንዱ መድኃኒት ጨጓራ ላይ፣ ሌላው አንጀት ላይ ይቀንሳል።

ጾምዎን ይተዉ እያልኩ አይደለም። ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ቢ12 2.4 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው፤ በክኒን መተካት ይቻላል። እንዲያውም ክኒን ውስጥ ያለው ቢ12 ከፕሮቲን ጋር ያልተጣበቀ ስለሆነ የሚያላቅቀው አሲድ አይፈልግም። «ኦሜፕራዞሉን ካላቆምኩ ቫይታሚኑ አይሠራልኝም» የሚሉ አሉ፤ ለቢ12 ይህ ስሕተት ነው። በነገራችን ላይ የብዙ ካፕሱሎች ሽፋን ከእንስሳት በተገኘ ጄላቲን ይሠራል። በጾም ይህ የሚያሳስብዎ ከሆነ ታብሌት ይጠይቁ።

አሁን ወደ እግርዎ መደንዘዝ። ስኳር ያለበት ሰው እግሬ ደነዘዘ ሲል የመጀመሪያው መልስ «የስኳሩ ነው» ይሆናል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የቢ12 እጥረትም ልክ እንደዚያው ያደነዝዛል፣ እንደ ጉንዳን የሚሄድ ስሜት ያመጣል፣ ሚዛን ያሳጣል፤ በስሜቱ ብቻ መለየት አይቻልም። ስኳር የጎዳውን ነርቭ ወደ ቦታው መመለስ አስቸጋሪ ነው። በቢ12 የመጣው ግን ቶሎ ከተደረሰበት ይሻሻላል፤ ከቆየ ደግሞ ላይመለስ ይችላል። የቢ12 ምርመራ ይቅደም ያልኩት ለዚህ ነው። ደም ማነሱ እስኪከፋም መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሄሞግሎቢኑ ደህና ሆኖ ነርቭ የሚጎዳበት ጊዜ አለ።

ላቦራቶሪ ሲሄዱ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ቢ12፣ ፌሪቲን (የአይረን ክምችት የሚለካበት ነው)፣ ማግኒዥየም እና የኩላሊት ምርመራ ይታዘዝልዎት። ማግኒዥየም ብዙ ጊዜ ከተለመደው የንጥረ ነገር ምርመራ ጋር አብሮ አይሠራም፤ ስሙ ተጠርቶ መታዘዝ አለበት። የቢ12 ውጤት በሚሊ ሊትር ከ200 ፒኮግራም በታች ከሆነ እጥረት ነው። ከ200 እስከ 300 ያለው አጠራጣሪ ስለሆነ እንደ እርስዎ ምልክት ያለው ሰው ሊታከም ይገባል። «የቀይ የደም ሴል መጠንሽ ኖርማል ስለሆነ ቢ12 ደህና ነው» ከተባሉ አይቀበሉ። የቢ12 እጥረት ሴሉን ያተልቃል፤ የአይረን እጥረት ያሳንሳል። ሁለቱ አብረው ሲመጡ አማካዩ ኖርማል መስሎ ይታያል። የደም ማነስ የሦስት ወር የስኳር ምርመራን ውጤትም ሊያዛባ እንደሚችል ለሐኪምዎ ያስታውሱ።

እስከዚያ ድረስ ሁለት ነገር እንዳይገዙ አጥብቄ እመክራለሁ። አንደኛው ፎሊክ አሲድ ብቻውን ነው። ደም ማነሱን ያስተካክልና የቢ12ን እጥረት ይሸፍነዋል፤ ነርቭ ግን ውስጥ ውስጡን መጎዳቱን ይቀጥላል። ሌላው ከፍተኛ ቢ6 ያለበት «የነርቭ ቫይታሚን» ነው። ብዙ ሰው እግሬ ደነዘዘ ብሎ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 የተቀላቀለበትን ለወራት ይውጣል። ቢ6 በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ ያደነዝዛል። ደግሞም ቢ12 ያለበትን መርፌ ወይም ክኒን ከምርመራው በፊት ከጀመሩ ውጤቱ ከፍ ብሎ ይወጣና እጥረቱ ይደበቃል።

እጥረቱ ከተረጋገጠ፣ የነርቭ ምልክት ስላለዎት የምመርጠው በመርፌ መጀመርን ነው። 1000 ማይክሮ ግራም መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ እየተራራቀ፤ ልዩነቱን ሐኪሙ ይወስናል። ቀጥሎ በየቀኑ 1000 ማይክሮ ግራም በክኒን መቀጠል ይቻላል። ለ2.4 ማይክሮ ግራም ፍላጎት 1000 መስጠት የበዛ ይመስላል። በተለመደው መንገድ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው። ከዚያ በላይ ካለው አንድ በመቶ ያህሉ ያለ ረዳት ፕሮቲን በቀጥታ ይገባል፤ ከ1000 ላይ አንድ በመቶ ደግሞ በቂ ነው። ድካሙ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። እግሩ ወራት ይፈልጋል።

የአይረኑ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። በጤፍ፣ በምስርና በጎመን ያለው አይረን ከሥጋው የተለየ ነው። ለመሟሟትና አንጀት ወደሚቀበለው ዓይነት ለመለወጥ አሲድ ይረዳዋል። ስለዚህ ኦሜፕራዞል የምግቡንም ሆነ የክኒኑን አይረን ሊያዳክም ይችላል። አይረን ወስደው ለውጥ ያላዩት በዚህ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደም ማነሱ ከመጀመሪያውም የቢ12 ስለነበረ። የምፈራው ግን ሌላ ነው። የ54 ዓመት ሴት፣ የወር አበባዋ ካቆመ፣ አይረን ሲያጥራት «መድኃኒቱ ነው» ብሎ መዝጋት አደገኛ ነው። ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ቀስ እያለ የሚፈስ ደም አለመኖሩ መጣራት አለበት። ቁስለት፣ የአንጀት ትል፣ ዕጢ፣ ለጉልበት ሕመም የሚወሰድ ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን፣ እነዚህ ሁሉ ደም ያስፈስሳሉ። ፌሪቲንዎ ዝቅ ካለ የሰገራ ድብቅ ደም ምርመራ ብቻ አይበቃም፤ ኢንዶስኮፒው ሊደገም፣ ትልቁ አንጀትም ሊታይ ይገባል።

ቡናውንም ላንሣው፤ ከምሳ በኋላ ወዲያው የሚፈላው። ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና የአይረንን መግባት 40 በመቶ ያህል፣ ሻይ ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ እንደሚቀንስ በጥናት ተለክቷል። ቡናውን አይተዉት። አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያቆዩት። ምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ ወይም ቃሪያና ቲማቲም በጥሬው አብሮ መብላት ደግሞ ያግዛል።

ሌሊት ባትዎን የሚይዝዎት የማግኒዥየም እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ግን ባትን የሚይዝ ነገር ብዙ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2011 እነዚህን መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ፣ በአብዛኛው ከአንድ ዓመት በላይ፣ መውሰድ ማግኒዥየምን ሊያወርድ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። ሲያጋጥም ግን የልብ ምት ሊያዛባና መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ስለሚችል ቀላል አይደለም። ለደም ግፊት ወይም ለእብጠት ሽንት የሚያስወጣ ክኒን፣ ለምሳሌ ፉሮሴማይድ ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ አብሮ የሚወስድ ሰው የበለጠ ይጋለጣል። ያልተስተካከለ ስኳርም ማግኒዥየምን በሽንት ያስወጣል። አስተዳደሩ ካያቸው ታማሚዎች በአንድ አራተኛው ማግኒዥየም መስጠት ብቻውን አልበቃም፤ መድኃኒቱ መቆም ነበረበት። ስለዚህ የእርስዎ ማግኒዥየም ወርዶ ከተገኘ ዕቅዱ ይለወጣል፤ ኦሜፕራዞሉን በቶሎ ስለማቆም ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገራሉ። ኩላሊትዎ ሳይታይ ግን ማግኒዥየም ገዝተው አይውሰዱ።

ካልሲየሙ ከሁሉም ያነሰ ያሳስበኛል። በ2010 ስለ ዳሌ፣ የእጅ አንጓና አከርካሪ ስብራት ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር፤ መነሻው የተጠቃሚዎችን መዝገብ ያዩ ጥናቶች ናቸው። በእንዲህ ያለ ጥናት መድኃኒቱን የሚወስደው ሰው ቀድሞውኑ የታመመ መሆኑ ሥዕሉን ያደበዝዛል። በ2019 የወጣ፣ ከ17,000 በላይ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ፓንቶፕራዞልን ከባዶ ክኒን ጋር ለሦስት ዓመት ያወዳደረ ጥናት በስብራት ልዩነት አላገኘም። በግልጽ የጨመረው የአንጀት ኢንፌክሽን ነበር፤ እሱም በትንሹ። ካልሲየም መውሰድ ካስፈለገዎት ካልሲየም ካርቦኔት የሚባለው አሲድ ይፈልጋል፤ ከምግብ ጋር ይውሰዱት ወይም ካልሲየም ሲትሬት ይምረጡ።

«ላቁመው?» ላሉት መልሴ፦ የጻፉት ሁሉ ከሆነ፣ ይህን ያህል መጠን ለዚህን ያህል ዘመን የሚያስወስድ ምክንያት አይታየኝም። በአንድ ጊዜ ማቆም ግን አይሳካልዎትም፤ ሞክረውትም አይተዋል። አሲዱ ለረጅም ጊዜ ሲታፈን ሰውነት ጋስትሪን የተባለውን አሲድ ቀስቃሽ ሆርሞን ይጨምራል። መድኃኒቱ ሲቆም አሲዱ ከበፊቱ በላይ ይመነጫል። በ2009 ዴንማርክ ውስጥ ቃር የሌለባቸው ጤነኞች መድኃኒቱን ለስምንት ሳምንት ብቻ ወስደው ሲያቆሙ 44 በመቶዎቹ ቃርና መሰል ምልክት ታየባቸው፤ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 15 በመቶ ነበር። እርስዎ ሲያቆሙ ቃሩ «እየባሰ» የተመለሰው በሽታው ስላልዳነ ላይሆን ይችላል። መድኃኒቱ ራሱ የፈጠረው ግርሻ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ጊዜያዊ ነው።

አወራረዱ እንዲህ ይሁን። የማታውን ይተዉና ጠዋት አንድ ብቻ፣ ከቁርስ 30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድመው ይውሰዱ። በጾም ቀን ከመጀመሪያው ማዕድ በፊት ማለት ነው። ጠግቦ የተወሰደ ኦሜፕራዞል ኃይሉ ይቀንሳል፤ «አንዱ አልበቃኝም» የሚሉ ብዙዎች ችግራቸው ሰዓቱ ነው። በዚህ አንድ ወር ያህል ከቆዩ በኋላ አንድ ቀን እየዘለሉ፣ ከዚያ ሲያስፈልግ ብቻ። በመሃል ለሚነሣው ቃር የሚታኘክ ወይም የሚጠጣ የአሲድ ማርገቢያ ይበቃል፤ ለሌሊቱ ፋሞቲዲን ይቻላል። ሲሜቲዲን ግን አይግዙ፤ የሜትፎርሚንን በኩላሊት መውጣት ይቀንሳል። እነ ፋሞቲዲንም ለዓመታት ሲወሰዱ ከቢ12 እጥረት ጋር ግንኙነት ታይቶባቸዋል፤ በጣም ያነሰ ቢሆንም። ስለዚህ ዘላቂ ምትክ አያድርጓቸው። ተልባና አብሽ ለጊዜው ካስታገሱልዎት አልቃወምም፤ ሕክምና ግን አይደሉም። ከመተኛትዎ ሦስት ሰዓት በፊት እራት መጨረስ፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግና ክብደት ካለ መቀነስ ከሁለቱም ይበልጣሉ።

ሲያቆሙ ስለ ሔሊኮባክተር ፓይሎሪም ይመርመሩ። በአገራችን በብዛት የሚገኝ ባክቴሪያ ነው፤ ጨጓራን ለረጅም ጊዜ አቁስሎ ቢ12ንም ሊያሳጣ ይችላል። የሰገራ ምርመራው ይሁን፤ የደሙ የድሮውን ከአሁኑ አይለይም። ከምርመራው በፊት ሁለት ሳምንት ኦሜፕራዞል መቆም አለበት፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊባል ይችላል።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች፦ አወራረዱ የተጻፈው ለእኚህ ሴት ነው። ቁስለቱ ደም አፍስሶ የሚያውቅ፣ የምግብ ቧንቧው ክፉኛ የቆሰለ ወይም የጠበበ፣ የቧንቧው ሽፋን ተለውጧል የተባለ፣ ወይም በየቀኑ አስፕሪን ስለሚወስድ መከላከያ የታዘዘለት ሰው በራሱ ውሳኔ አያቁም። ለእነሱ ቁስለቱ ከቫይታሚን እጥረቱ እጅግ የከፋ ነው፤ እጥረቱ በክኒን ይተካል። ሌላ ተጋላጭነት የሌለው ጤነኛ ተጠቃሚም በየዓመቱ ይህን ሁሉ ምርመራ ማድረግ አይጠበቅበትም።

ምግብ ሲውጡ የሚያንቅዎ፣ ሳይፈልጉ የሚከሱ፣ ደም የሚያስታውኩ ወይም ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚጣበቅና የሚከረፋ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ዕቅድ ይቆይ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። አይረን የሚወስድ ሰው ሰገራም ይጠቁራል፤ እንደ ሬንጅ ግን አይጣበቅም።

ምርመራውን ይህን ሳምንት ያሠሩ። የማታውን ኦሜፕራዞል ከውጤቱ በኋላ መተው ይጀምሩ። ቢ12 ከተጀመረልዎ በሦስት ወር ገደማ ደሙ ይደገም። ወደ ሐኪምዎ ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ ያለ ማዘዣ የገዙትን ማስታገሻም አይርሱ።